ጉራውን ትቶ ገጹን መግለጥ፦ ከዘመኑ የኮሚክ ጸሐፊዎች ማንን ልምረጥ?

ባለፈው ሰሞን ሁለት ወዳጆቼ በኮሚክ ጸሐፊው በማርክ ሚላር ሊጣሉ ደረሱ። አንዱ «ሰውዬው ደላላ ነው» አለ። «ሁሌ አዲሱ ሥራዬ ከበፊቱ ይበልጣል ይላል። ሁሌ ፊልም ሊሠራበት ነው ይላል።» ሌላኛው «ደላላም ይሁን፣ እኔ ጀምሬ ሳልጨርስ ያስቀመጥኩት ሥራ የለውም» ብሎ መለሰ። ሻያቸው ቀዘቀዘ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲከራከሩ ከመጽሐፎቹ አንድ ገጽ የጠቀሰ አልነበረም። የሰዓሊ ስም ያነሳማ ጭራሽ አልነበረም።

የኮሚክ አድናቂዎች ባሉበት ሁሉ ይሄ ክርክር አለ። ጸሐፊው ጎበዝ ነው ወይስ የሚችለው ራሱን መሸጥ ብቻ ነው? እኔም «ከማን ልጀምር?» የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙ፣ በአድናቂዎች አፍ የማይጠፉትን ጸሐፊዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ላሳያችሁ።

የማመዛዝነው በሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ገጹ ላይ ያለው ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ ጸሐፊው ራሱን ሲያስተዋውቅ ሰዓሊውን አብሮ ያነሳል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ስለ አንድ የኮሚክ ጸሐፊ ብዙ የሚነግረኝ እሱ ነው። ኮሚክ ቢያንስ የሁለት ሰው ልጅ ነው። ቀለም የሚቀባና ፊደል የሚያስገባ ሰው ሲጨመር ደግሞ አራት ይደርሳል። ስለ ልጁ ሲያወራ የእናቱን ስም የማያነሳ አባት ያሳስበኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ይጮኻሉ?

ከመፍረዳችን በፊት ገበያውን ማወቅ ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ የኮሚክ ሱቆች አንድን እትም የሚያዙት ከመውጣቱ ሁለትና ሦስት ወር ቀደም ብለው ነው። ያልተሸጠውንም አብዛኛውን ጊዜ መመለስ አይችሉም። ባለሱቁ ገና አንድ ገጽ ሳያይ ስንት ኮፒ እንደሚወስድ መወሰን አለበት። ከተሳሳተ ኪሳራው የራሱ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ሥራው ሳይነበብለት በፊት ነጋሪት መጎሰም ግዴታው ይሆናል። «ይሄ እትም ሁሉንም ነገር ይቀይራል» የሚለው የተሰለቸ አነጋገር ከዚህ ነው የመጣው።

ሌላም ምክንያት አለ። በትልልቆቹ አሳታሚዎች፣ በማርቭልና በዲሲ ቤት ገጸ ባሕሪው የድርጅቱ ንብረት ነው። ባትማንን አምስት ዓመት የጻፈ ሰው ሲወጣ ባትማንን ይዞ አይወጣም። ይዞት የሚወጣው ስሙን ነው። ነገ በ1992 እንደተመሠረተው ኢሜጅ ወዳለ ቤት ሄዶ የራሱን ታሪክ ሲጀምር፣ ባለቤትነቱ የራሱ ይሆናል። ግን የማስታወቂያው ሸክምም አብሮ ይመጣል። ስሙን ያላሳደገ ሰው እዚያ ይቸገራል። በ2021 እነ ስኮት ስናይደር፣ ጄምስ ታይኒየንና ቺፕ ዛዳርስኪ ሰብስታክ በሚባለው መድረክ በቀጥታ ለአንባቢ መጻፍ ሲጀምሩም ይዘው የገቡት ስማቸውን ነበር።

የዚህ ሁሉ አባት የማርቭሉ ጸሐፊና አርታኢ ስታን ሊ ነው። ከ1967 ጀምሮ በማርቭል መጽሐፎች ላይ የራሱ አምድ ነበረው። አንባቢውን እንደ ቤተሰብ ያናግር ነበር። ፍትሐዊ ለመሆን፣ የሰዓሊዎቹንም ስም መጀመሪያ ገጽ ላይ ያወጣ ነበር፤ የቁልምጫ ስምም ሰጥቷቸዋል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። በማርቭል አሠራር ጸሐፊው አጭር የታሪክ ሐሳብ ይሰጣል፣ ሰዓሊው ታሪኩን በሥዕል ይዘረጋዋል፣ ጸሐፊው ተመልሶ ንግግሩን ያስገባል። ታዲያ ታሪኩን ማን ጻፈው? ሰዓሊው ጃክ ከርቢ በ1970 ከማርቭል ሲወጣ ይሄ ጥያቄ ልቡ ውስጥ ነበር። ወራሾቹና ማርቭል የተስማሙት በ2014 ነው። ሊ አደባባይ ላይ በነበረው ሞገስ ልክ ከርቢ ጥላ ውስጥ ቀርቷል። አድናቂዎች ዛሬም ለጸሐፊ ጉራ ቶሎ የሚቆጡት ይሄንን ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

ማርክ ሚላር፦ ቶሎ የሚያዝ፣ ቶሎ የሚያልቅ

ስኮትላንዳዊ ነው። ራሱን በማስተዋወቅ ከዘመኑ ጸሐፊዎች የሚስተካከለው የለም። «ኪክ አስ» የመጀመሪያ እትሙ በ2008 ሲወጣ የፊልም መብቱ አስቀድሞ ተሸጦ ነበር። ፊልሙ በ2010 ወጣ። በ2017 ኔትፍሊክስ የሚላርን ድርጅት ሚላርወርልድን ጠቅልሎ ገዛው። ኔትፍሊክስ ድርጅት ሲገዛ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ታዲያ ሥራውስ? የሚላር ጉልበት መነሻ ሐሳቡ ላይ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሰምታችሁ መጽሐፉን ትፈልጋላችሁ። ሱፐርማን አሜሪካ ሳይሆን ሶቪየት ኅብረት ቢያርፍስ? በ2003 የወጣው «ሬድ ሰን» ይሄ ነው፤ ሦስት እትም ብቻ ነው፤ በአንድ ምሽት ያልቃል። ልዕለ ኃያላን እንደ ፖሊስ በመንግሥት ይመዝገቡ ቢባልስ? «ሲቪል ዋር»፣ 2006። ለማርቭል ፊልሞች መንገድ ከጠረጉት አንዱ ደግሞ ከብራያን ሂች ጋር የሠራው «ዘ አልቲሜትስ» ነው።

ድክመቱም እዚያው ነው። መነሻው ብርቱ፣ መጨረሻው ጥድፊያ ይሆናል። አንዳንዱ ሥራው ለኮሚክ የተጻፈ ሳይሆን ለፊልም አዘጋጅ የተላከ ይመስላል። ጭካኔውና ስድቡም ሆን ተብሎ ሰው ለማስደንገጥ የገባበት ቦታ አለ፤ ለታዳጊ አይሰጥም።

በእኔ ሁለተኛ መመዘኛ ግን ሚላር ከሚታሰበው በላይ ይቆማል። አብረውት የሚሠሩት ሰዓሊዎች የባለቤትነት ድርሻ አላቸው። «ኪክ አስ» የእሱና የጆን ሮሚታ ጁኒየር የጋራ ንብረት ነው። ጮክ ብሎ ያወራል፤ ግን ብቻውን አይበላም። «ደላላ» ያለው ወዳጄ ይሄንን ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

ፊልም ወዳድ ከሆናችሁና ረጅም ተከታታይ የሚያደክማችሁ ከሆነ፣ ከእሱ ጀምሩ። «ሬድ ሰን» ይበቃል።

ቶም ኪንግ፦ ማስታወቂያው ሥራውን የሸፈነበት

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ አድናቂ እንደ ኪንግ የተከፋፈለበት ጸሐፊ ጥቂት ነው።

ኪንግ ኮሚክ ከመጻፉ በፊት ሲአይኤ ውስጥ በፀረ ሽብር ክፍል ሠርቷል። ይሄ ታሪክ በየቃለ መጠይቁ ይነሳል። አንዳንዱ አድናቂ «በዚህ ነው የሚሸጠው» ብሎ ይናደዳል። እኔ አልናደድም። ሥራው ላይ በግልጽ ይታያላ። ጦርነት አይቶ ቤቱ የተመለሰና ቤቱ ያልገባለት ሰው በመጽሐፎቹ ሁሉ አለ።

«ሚስተር ሚራክል»ን ውሰዱ። ከ2017 እስከ 2018 የወጣ 12 እትም ነው። ሰዓሊው ሚች ጄራድስ ነው። ገጹ በአብዛኛው በ9 እኩል ሳጥኖች የተከፈለ ነው፤ ሦስት ወደ ጎን፣ ሦስት ወደ ታች። ስድስተኛው እትም ላይ ስኮት (ሚስተር ሚራክል ራሱ ነው) እና ሚስቱ ባርዳ የጠላት ምሽግ ሰብረው እየገቡ ነው። ወጥመድ አለ፣ ጠባቂ አለ፣ ሞት በየማዕዘኑ አለ። እነሱ ግን የሚያወሩት ስለ ቤታቸው እድሳት ነው። ግድግዳው እንዴት ይሁን፣ ዕቃው የት ይግባ። ጠባቂ ይመታሉ፣ ወጥመድ ይዘላሉ፣ ወደ ወሬያቸው ይመለሳሉ። እየቆያችሁ ስታነቡ ይገባችኋል። ባርዳ ቤቱን ማስተካከል የፈለገችው አርግዛ ነው።

ያ ወሬ ያለ ጄራድስ ሳጥኖች አይሠራም። ሳጥኖቹ እንደ ሰዓት ቆጣሪ እኩል እየመቱ ነው የምትሄዱት። ውጊያው አይፈጥንም፣ ወሬውም አይቆምም። ትዳር የለመደው ሰው ሳቅ እያለው ያነባል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ጉሮሮው ይያዛል። እኔ በእነዚያ ገጾች ላይ ያየሁትን ያህል እውነተኛ ባልና ሚስት በብዙ ልብ ወለድ አላየሁም።

አሁን ደግሞ ወደ ባትማን እንሂድ። ኪንግ ከ2016 እስከ 2019 ድረስ 85 እትም ጽፏል። በሐምሌ 2018 50ኛው እትም ሊወጣ ሲል ባትማንና ካትዎማን ሊጋቡ ነው ተባለ። ወራት ሙሉ የሠርግ ማስታወቂያ ሆነ። የተለያየ ሽፋን ታተመ፤ ሱቆች በብዛት አዘዙ። አንዳንዶቹም ለሠርጉ ድግስ አሰናዱ። እትሙ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ኒውዮርክ ታይምስ ሠርጉ እንደማይፈጸም ገና በርእሱ አወጣው። ባለሱቆች ኮፒውን አቅፈው ቀሩ። አንባቢ ተቆጣ። ኪንግ የግድያ ዛቻ ደርሶት በዚያው ሰሞን የሳንዲያጎ የኮሚክ ጉባኤ ላይ ጠባቂ ይዞ ለመሄድ ተገደደ። ለአንድ የወረቀት ሠርግ ሰው ላይ እንዲህ መዛት ነውር ነው።

እኔን ያሳዘነኝ ሌላም አለ። ያ እትም ውስጥ ብዙ እንግዳ ሰዓሊዎች የሁለቱን የፍቅር ዘመን አንዳንድ ገጽ እየያዙ ሠርተውበታል። አንዱ በአንዱ ዘመን ስልት፣ ሌላው በሌላው። ዋናውን ታሪክ የሣለው ሚኬል ሃኒን ነው። በጩኸቱ መሃል ስለነዚያ ገጾች ያወራ ሰው ስንት ነው? ማስታወቂያው «ይጋባሉ ወይስ አይጋቡም?» የሚል ጥያቄ ብቻ ሸጠ። ጥያቄው መልስ ሲያገኝ መጽሐፉ ሳይነበብ ያለቀ መሰለ። ታሪኩን ራሱን ስታነቡት ግን መለያየታቸው ምክንያት አለው። ቀስ ብሎ የተዘጋጀ ነው።

ኪንግን ለመረጠ ሰው ምክሬ ይሄ ነው፦ ባትማኑን መጀመሪያ አታንሡ። በ12 እትም ያለቁትን አጫጭር ሥራዎቹን አንብቡ። ከ«ሚስተር ሚራክል» ሌላ «ዘ ቪዥን» አለ፤ ሰው መምሰል የፈለገ ሮቦት ቤተሰብ ሠርቶ ቨርጂኒያ ውስጥ ጎረቤት ሲሆን ምን እንደሚደርስበት ያሳያል። ገብርኤል ኸርናንዴዝ ዋልታ ነው የሣለው። ረጅም ሲጽፍ ይደጋግማል፤ አጭር ሲጽፍ ግን ቃል አያባክንም። ልባችሁ ከብዶ ባለበት ሰሞን ግን ተዉት፤ «ሚስተር ሚራክል» የሚጀምረው ራሱን ሊያጠፋ በሞከረ ሰው ነው።

ግራንት ሞሪሰንና አለን ሙር፦ አንዱ መድረክ ላይ፣ አንዱ በር ዘግተው

እነዚህን አንጋፋዎች አብሬ ያነሳኋቸው አድናቂዎች ለዓመታት ሲያነጻጽሯቸው ስለኖሩ ነው። እርስ በርስም አይዋደዱም።

ሙር በ1986 እና በ1987 ከዴቭ ጊበንስ ጋር «ዎችመን»ን ሠሩ። ውሉ መጽሐፉ ገበያ ላይ መታተም ሲያቆም መብቱ ለፈጣሪዎቹ ይመለሳል ይል ነበር። መጽሐፉ መታተም አቁሞ አያውቅም። ሙር ከዚያ ወዲህ ከዲሲ ጋር ተቆራረጡ። በሥራዎቻቸው ላይ ከተሠሩ ፊልሞች ስማቸውን አስወጡ። የፊልሙን ድርሻቸውንም ለሰዓሊዎቹ ተዉላቸው። ይሄንን ሳስብ ሁሌ እደነቃለሁ። በእኔ መመዘኛ ከዚህ በላይ የሚሄድ የለም።

አንዳንዶች «ዝምታቸውም ማስታወቂያ ነው» ይላሉ። አልስማማም። ገንዘቡን ለሌላ የሚሰጥ ሰው ራሱን እየሸጠ ነው ማለት ይከብዳል።

ሞሪሰን በተቃራኒው መድረኩን ይወዱታል። «ዘ ኢንቪዝብልስ» በሚለው ሥራቸው ሽያጩ ሲወርድ፣ አንባቢዎች መጽሐፉ እንዳይቋረጥ የአስማት ሥርዓት እንዲፈጽሙ በደብዳቤ ገጹ ላይ ጠይቀዋል። በ1994 ካትማንዱ ላይ ከሌላ ዓለም ፍጡራን ጋር መገናኘታቸውንም ደጋግመው ተናግረዋል። ይሄ ለብዙ ሰው ጉራ ነው። እኔ ግን የሚያምኑትን ነው የሚናገሩት ባይ ነኝ፤ ሥራቸውም ያንኑ ነው የሚናገረው።

ማስረጃ ለሚፈልግ «ኦል ስታር ሱፐርማን» አለ። ከ2005 እስከ 2008 የወጣ 12 እትም። የመጀመሪያው ገጽ የሱፐርማንን አመጣጥ በ4 ሥዕልና በ8 የእንግሊዝኛ ቃል ይጨርሰዋል። ፊልሞች ግማሽ ሰዓት የሚወስዱበትን ነገር! 10ኛው እትም ላይ ደግሞ አንዲት ልጅ ፎቅ ጫፍ ላይ ቆማለች። ልትዘል ነው። ሱፐርማን ከኋላዋ ይመጣል። አያንጠለጥላትም፣ አይዟዟርም። ሐኪሟ በእውነት መንገድ ላይ ተይዞባት እንደቀረ ይነግራታል። ከምታስበው በላይ ብርቱ እንደሆነች ይነግራትና ያቅፋታል። አንድ ገጽ ነው። ሰዓሊው ፍራንክ ኳይትሊ ልጅቷን በጣም ትንሽ፣ ሱፐርማንን ሰፊና ረጋ ያለ አድርጎ ሣለው። ብዙ አንባቢ ያ ገጽ በክፉ ቀን እንደደረሰለት ይናገራል። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ።

ሱፐርማን የማይስባችሁ ከሆነ ይሄንን አንብባችሁ ወስኑ። ለሙር ግን ቀድማችሁ ሌላ ልዕለ ኃያል አንብባችሁ ብትመጡ ይሻላል። «ዎችመን» የሚያፈርሰውን ቤት ሳታውቁ ፍርስራሹ አይገባችሁም።

ሂክማንና ቤንዲስ በአጭሩ

ጆናታን ሂክማን ለሒሳብና ለካርታ ወዳድ ነው። በ2019 «ሀውስ ኦፍ ኤክስ» እና «ፓወርስ ኦፍ ኤክስ» በድምሩ 12 እትም ሆነው ኤክስ ሜንን ከሥር ቀየሩ። በየመሃሉ ሰንጠረዥና ሰነድ አለ፤ የገጽ ንድፉ የቶም ሙለር ነው፤ ሥዕሉ የፔፔ ላራዝና የአር.ቢ. ሲልቫ። ትዕግሥት ይጠይቃል። ዕቅዱ ትልቅ ነው፣ ሰዎቹ አንዳንዴ ቀዝቃዛ ናቸው።

ብራያን ማይክል ቤንዲስ የወሬ ሰው ነው። ገጸ ባሕሪዎቹ እየተቋረጡ፣ እየተደጋገሙ እንደ ጓደኛሞች ያወራሉ። በ2018 ወደ ዲሲ ሲዛወር «ቤንዲስ እየመጣ ነው» የሚል ማስታወቂያ የለቀቀው ዲሲ ነበር። ሰዉ ግን እሱን ሰደበ። ከማርክ ባግሊ ጋር 111 እትም ሳይነጣጠሉ የሠሩት «አልቲሜት ስፓይደርማን» ለታዳጊ ከማውቀው ሁሉ ምርጡ መጀመሪያ ነው። ሌላኛውን ስፓይደርማን ማይልስ ሞራሌስንም በ2011 ከሣራ ፒኬሊ ጋር የፈጠረው እሱ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

አንድ ዘዴ ላካፍላችሁ። የመጀመሪያውን እትም ያዙና ንግግሩን ሳታነቡ ሥዕሉን ብቻ ከዳር እስከ ዳር እዩት። ከዚያ ተመለሱና አንብቡት። ቃሉ ሥዕሉ ያሳያችሁን መልሶ ከነገራችሁ ጸሐፊው በሰዓሊው አልተማመነም። አዲስ ነገር ከጨመረላችሁ ግን ቀጥሉ። ይሄ ከየትኛውም ቃለ መጠይቅ ይሻላል።

ብራያን ኬ. ቮን፦ ጸጥ ያለው

«ለእኔ አንድ ብቻ ምረጥልኝ» ለሚለኝ ጎልማሳ የምሰጠው ቮንን ነው። ልጅ ላለው ሰው ደግሞ ሳላመነታ።

«ሳጋ» በ2012 ተጀመረ። ሁለት የሚዋጉ ሕዝቦች ወታደሮች ተፋቅረው ልጅ ወለዱ፤ አጽናፈ ዓለሙ ሁሉ ያሳድዳቸዋል። የመጀመሪያው ሽፋን ላይ እናትየዋ መሣሪያዋን ሳታስቀምጥ ልጇን ታጠባለች። እርቃንና ደም አለበት፤ የአዋቂ መጽሐፍ ነው።

ማስታወቂያው የሚገርም ነው። ደብዳቤ የሚቀበለው በወረቀት ብቻ ነው። በፖስታ የመጣለትን ያትማል፣ ይመልሳል። መጽሐፉን ሲያቅድም ለፊልም እንዲመች አላደረገውም። ቴሌቪዥን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ «ሎስት» የተባለውን ተከታታይ ከጻፉት አንዱ ነው። ስለ «ሳጋ» ሲናገር ደግሞ ሰዓሊዋን ፊዮና ስቴፕልስን ሳያነሳ አያልፍም። በ2018 54ኛው እትም ላይ ሲያቆሙ ሁለቱም አብረው አረፉ። ሌላ ሰዓሊ አልተፈለገም። አንባቢ እስከ ጥር 2022 ጠበቀ። ሙሉው 108 እትም እንዲሆን ታስቧል፤ የቆሙት ልክ ግማሹ ላይ ነበር።

የመጀመሪያውን ቅጽ ስትገልጡ ተራኪዋን አስተውሉ። ልጅቷ ሄዘል ናት፤ አድጋ ወደ ኋላ እያየች ነው የምትተርከው። ድምጿ እንደ ሌሎቹ ንግግሮች በሳጥን ወይም በፊኛ ውስጥ አልገባም። ሥዕሉ ላይ በእጅ ጽሑፍ ተበትኗል፤ ሰማዩ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንዳንዴ የእናቷ ፊት አጠገብ። የቮንን ቃል እንደዚያ አድርጋ በእጇ የጻፈችው ፊዮና ስቴፕልስ ናት።